«በነፃ» አላልንም፤ «ነፃ» ነው ያልነው

ሰሞኑን በግቢያችን «አሮጌ ኮምፒውተሮች ተነሥተው አዲስ ሊገባ ነው» የሚል ወሬ እንደ ታላቅ የሥልጣኔ ብሥራት ሲናፈስ ሰንብቷል። መነሣታቸው እርግጥ ነው፤ ከአንድ መጋዘን ጥግ እንደ ማገዶ ተቆልለው አይተናቸዋል። የአዲሶቹ መምጣት ግን እስካሁን «ላም አለኝ በሰማይ» ነው። እስከዚያው ድረስ የመመረቂያ ጽሑፉን በስልክ ላይ በአውራ ጣቱ እየለቀመ የሚጽፍ ወንድማችን፣ ለአንድ ላፕቶፕ ከዶርም ጓደኞቿ ጋር ተራ የምትጠብቅ እህታችን ጥቂት አይደሉም።

ታዲያ እነዚያ ኮምፒውተሮች ምን ሆነው ነው የተጣሉት? ተቃጠሉ? አልተቃጠሉም። ተሰበሩ? አልተሰበሩም። የተሰጠን መልስ አጭር ነው፤ «ዊንዶውስ 11 አይቀበሉም፤ ጊዜያቸው አልፏል።» በቃ! ይህን ሰምቶ አንገቱን ነቅንቆ የሚያልፈው ተማሪ መብዛቱ ነው ይህን ጽሑፍ እንድንጽፍ ያስገደደን። እኛ የምንለው ግልጽ ነው። ኮምፒውተሮቹ አልሞቱም፤ ሞታችኋል ተብለው ነው የተቀበሩት።

እስቲ ነገሩን ከሥሩ እንመልከተው። ማይክሮሶፍት ዊንዶውስ 10ን ያወጣው እ.ኤ.አ. በ2015 ነው። በ2021 ዊንዶውስ 11ን ሲያወጣ ግን ቲ.ፒ.ኤም. 2.0 የሚባል የደኅንነት ክፍል የሌለውን መሣሪያ፣ ከኢንቴል በኩልም ባጠቃላይ ከስምንተኛው ትውልድ በፊት የተሠራ ፕሮሰሰር ያለውን አልቀበልም አለ። ስምንተኛው ትውልድ ለገበያ የቀረበው በ2017 ነበር። ስለዚህ በ2016 የተገዛ ደኅና ላፕቶፕ ገና በአምስት ዓመቱ ጡረታ ወጣ ማለት ነው። ቀጥሎም ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም.፣ ማለትም እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 2025፣ ለዊንዶውስ 10 የሚደረገው መደበኛ የደኅንነት ጥገና ቆመ። ለግለሰቦች የአንድ ዓመት ማራዘሚያ ቀርቧል፤ ማራዘሚያ ግን ፍርዱን ያዘገየዋል እንጂ አይሽረውም።

ኩባንያው ምክንያቴ ደኅንነት ነው ይላል። ይሁን፣ ደኅንነት ይጠበቅ። የእኛ ጥያቄ ሌላ ነው። ሠሪው «ከእንግዲህ አልጠግንም» ሲል፣ ሌላው ሰው ተነሥቶ እንዳይጠግን የሚከለክለው ምንድን ነው? የሚከለክለው ቁልፉ ነው። ሰው የጻፈውና ሰው ሊያነበው የሚችለው የፕሮግራሙ ምንጭ፣ ሶርስ ኮድ የሚባለው፣ ከባለቤቱ ካዝና አይወጣም። እኛ «ገዛነው» የምንለው ሶፍትዌር እንኳ በሕጉ ሲታይ የተገዛ ዕቃ ሳይሆን የተፈቀደ አጠቃቀም ነው። «እስማማለሁ» የሚለውን ስንጫን የምንፈርመው የጭሰኝነት ውል ነው። ጭሰኛ ደግሞ በባለርስቱ ቀን ይነሣል።

በአንጻሩ ይህ እጃችሁ ላይ ያለው ወረቀት የተባዛበት ማባዣ ከብዙዎቻችን ዕድሜ ይበልጣል። ቀለሙ ሲቋጥር ክዳኑን ከፍተን እንጠርጋለን፤ ወረቀት ሲነክስ እጃችንን ሰደን እናወጣለን፤ አንድ ብሎን ሲጠፋ ብረት ሠሪ ዘንድ ወስደን እናስቀርጻለን። ማንም ከባሕር ማዶ ተነሥቶ «ከጥቅምት ወዲህ አታባዛም» ያለው የለም። የሚኖረው ስለሚከፈት ነው።

የመፍትሔውን ስም ብዙዎቻችሁ ሰምታችኋል፤ ኦፕን ሶርስ ወይም ነፃ ሶፍትዌር ይባላል። እዚህ ላይ ግን አንዲት ፊደል ታጣላናለች። ስለ ሊኑክስ ባወራን ቁጥር «እ! ያ በነፃ የሚገኘው?» እንባላለን። «በ»ን ማን ጨመራት? እንግሊዝኛ ለሁለቱም አሳብ አንድ ቃል ብቻ ስላለው ተናጋሪዎቹ ልዩነቱን ለማስረዳት ስንት ዓመት ደክመዋል። አማርኛ ግን ለይቶ ይዞታል። «በነፃ» የዋጋ ነገር ነው። «ነፃ» የመብት ነገር ነው። በነፃ ቡና ይጋበዛል፤ ነፃ የሚባለው ግን ሰውና አገር ነው።

መብቱም አራት ነው። ፕሮግራሙን ለፈለጉት ጉዳይ ማሠራት፤ እንዴት እንደሚሠራ መርምሮ መለወጥ፤ ግልባጩን ለጎረቤት ማደል፤ የለወጡትንም አሻሽለው ለሌላው ማስተላለፍ። ይህ ለእኛ ለሥነ ጽሑፍ ተማሪዎች እንግዳ ሊሆን አይገባም። የቅኔ መምህር ለተማሪው የተዘጋጀ ቅኔ አሸምድዶ አይሰደውም፤ አገባቡን ያሳየዋል፣ ሰሙንና ወርቁን ይፈታለታል፤ ተማሪውም ነገ የራሱን ይቆጥራል። ምንጩ የተቆለፈ ሶፍትዌር ወርቁን መፍታት የተከለከለበት ቅኔ ነው።

አሳቡም ከሰማይ የወረደ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1980 አካባቢ በአሜሪካ በኤም.አይ.ቲ. የሰው ሠራሽ አስተውሎት ቤተ ሙከራ ይሠራ የነበረው ሪቻርድ ስቶልማን፣ ወረቀት እየነከሰ ያስቸገረውን የማተሚያ መሣሪያ ለማሻሻል ፈለገ። የማሽኑን ሶርስ ኮድ የያዘ ሌላ ባለሙያ ግን «ለማንም አልሰጥም ብዬ ፈርሜያለሁ» ብሎ መለሰው። ማንበብና ማረም የሚችል ሰው፣ ማረም የሚያሻው ዕቃ ፊቱ ቆሞ፣ በአንድ ፊርማ እጁ ታሰረ! ስቶልማን በመስከረም 1983 ግኑ የሚባለውን ነፃ ሥርዓት እንደሚሠራ አስታወቀ። በ1989 ደግሞ ጂ.ፒ.ኤል. የሚባለው ፈቃድ ወጣ፤ የዚህ ፈቃድ ብልኃት የተቀበልከውን ነፃነት ስታስተላልፍ መቀነስ አትችልም ማለቱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1991 የሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሊነስ ቶርቫልድስ፣ በ21 ዓመቱ፣ በአንድ ባለ 386 ኮምፒውተር ላይ የጀመራትን ሥራ ለዓለም ገለጠ፤ በዓመቱም በዚሁ ፈቃድ አወጣት። ሊኑክስ የምንለው ይኸው ነው። ልብ በሉ፤ ተማሪ ነበር። ዕድሜውም የእኛው ዕድሜ ነበር።

አሁን ወደ ተቃዋሚዎቻችን እንመለስ።

አንደኛው ወገን «ለእኛ ዊንዶውስም በነፃ ነው፤ ክራክ ሞልቶ!» ይላል። ይህ በግቢያችን በጣም የተለመደው፣ በጣምም የሚጎዳን ክርክር ነው። የተሰረቀ ግልባጭ ዋጋውን ያስቀራል እንጂ ቁልፉን አይከፍትም። ክራክ ያደረገ ሰው ኮዱን አያነብም፣ አያርምም፣ ከሠሪው ፍርድም አያመልጥም። ይኸው፣ ክራክ የተደረገው ዊንዶውስ 10ም ጥቅምት ላይ አብሮ ሜዳ ላይ ቀርቷል። ከዚያም በላይ «አክቲቬተር» እየተባለ ከፍላሽ ወደ ፍላሽ የሚዞረውን ፕሮግራም ማን እንደ ጻፈው፣ ሆዱ ውስጥ ምን እንደያዘ የሚያውቅ ማነው? ቫይረስ መከላከያውን አጥፍተን እናስገባዋለን፤ በሳምንቱ ፋይላችን ጠፋ ብለን እናለቅሳለን። የሰው ወርቅ አያደምቅም፤ የተሰረቀው ደግሞ ጭራሽ። አንድ ፍላሽ ላይ ያለ ሊኑክስ ግን ለአርባ ኮምፒውተር ቢታደል ሕጋዊ ነው፤ እንዲያውም እንዲታደል ነው የተሠራው። ኢንተርኔት ውድ በሆነበት፣ በሚቆራረጥበትም አገር ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ሁለተኛው ወገን «አሮጌ ዕቃ ላይ ሙጭጭ ማለት ኋላ ቀርነት ነው» ይላል። እኛ ደግሞ ሥልጣኔ ማለት የሚሠራን ዕቃ መጣል ነው ወይ ብለን እንጠይቃለን። በተባበሩት መንግሥታት ድርጅቶች ተሳትፎ በ2024 የወጣው ዘገባ እንደሚለው፣ ዓለም በ2022 ብቻ 62 ሚሊዮን ቶን የኤሌክትሮኒክስ ቆሻሻ አውጥታለች፤ በአግባቡ ተሰብስቦ መልሶ ጥቅም ላይ መዋሉ የተመዘገበው 22.3 በመቶው ብቻ ነው። ባለጸጋው አገር «አሮጌ» ያለው ላፕቶፕ በዘመድ ሻንጣ ወይም በነጋዴ ኮንቴይነር ወደኛ ይመጣል። ከመጣ ወዲያ ያለው ምርጫ ሁለት ነው፤ ወይ እናሠራዋለን፣ ወይ የሌላውን ቆሻሻ ተቀባይ እንሆናለን። አሮጌ ላፕቶፕን እንደ ኤሊ የሚያስኬደው ብዙ ጊዜ የሚሽከረከረው ሃርድ ዲስክ ነው። እሱን አውጥቶ ኤስ.ኤስ.ዲ. መግጠም፣ ቦታ ካለው ራም መጨመር፣ ከዚያ ቀለል ያለ ሊኑክስ መጫን፤ ሥራው ይኸው ነው። ጽሑፍ ለመጻፍ፣ መጽሐፍ ለማንበብ፣ ስታትስቲክስ ለመሥራት ከዚህ የበለጠ ምን ያስፈልገናል?

ሦስተኛው ወገን «እሱ የኮምፒውተር ሳይንስ ልጆች ጉዳይ ነው፤ እኛ የቋንቋ ተማሪዎች ነን» ይላል። ወንድም፣ ኪስህ ያለው አንድሮይድ ስልክ እምብርቱ ሊኑክስ ነው። ከኅዳር 2017 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዓለም ቀዳሚ ተብለው የሚዘረዘሩት 500 ሱፐር ኮምፒውተሮች በሙሉ በሊኑክስ የሚሠሩ ሆነዋል። እንግዳ የሆነብህ ስሙ እንጂ ነገሩ አይደለም።

ደግሞስ ቋንቋ ከሆነ ሙያችን፣ ከእኛ የበለጠ ባለጉዳይ ማን አለ? የድሮውን የአማርኛ ታይፕ ጽሑፍ ያየ ሰው ያውቀዋል፤ ፊደላችን ለመኪናው እንዲመች ተቆራርጦ፣ የካዕቡና የሣልሱ ምልክት ከአካሉ ተነጥሎ እንደ ተለጠፈ ያስታውቅ ነበር። ፊደል ለመኪና ሲታጠፍ እንጂ መኪና ለፊደል ሲታጠፍ አላየንም። ኮምፒውተር ሲመጣም እያንዳንዱ የአማርኛ ሶፍትዌር ለፊደሎቻችን የየራሱን ቁጥር ይሰጥ ነበር። በአንዱ የተጻፈው በሌላው ሲከፈት የላቲን ፊደልና የሥርዓተ ነጥብ ውጥንቅጥ ይሆናል። ይህን ያስቆመው የአንድ ነጋዴ ምርት አይደለም፤ ሁሉም ሊያነበውና ሊከተለው የሚችል የጋራ ስምምነት ነው። እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው ዩኒኮድ 3.0 የግዕዝ ፊደል የራሱን ቦታ አገኘ። ዛሬ አቢሲኒካ ኤስ.አይ.ኤል.ን የመሰለ መልካም ፎንት በነፃ ፈቃድ ይገኛል፤ ሊብሬ ኦፊስም በአማርኛ ገጽታ ይከፈታል።

ነገር ግን ከዚያ በፊት በየመሥሪያ ቤቱና በየትምህርት ክፍሉ የተጻፈው ስንቱ ነው በዲስኬትና በአሮጌ ሃርድ ዲስክ ተቀብሮ የቀረው? የመመረቂያ ጽሑፍ፣ የቃል ግጥም ስብስብ፣ የቃለ መጠይቅ ቅጂ! ፋይሉ አለ፤ የሚከፍተው ሶፍትዌር ግን የለም፤ ካለም ሠሪው የለም። ብራና ላይ የተጻፈውን የአምስት መቶ ዓመት መጽሐፍ ዛሬ እናነባለን፤ ከሠላሳ ዓመት በፊት በኮምፒውተር የተጻፈውን ግን ማንበብ ይቸግረናል። ይህ የቴክኒክ ጉዳይ ነው የሚል ካለ፣ ሥነ ጽሑፍ ምን እንደሆነ አልገባውም።

ለማንም የማይዋጥ ተስፋ መስጠት አንፈልግም። ሊኑክስ ተአምር አይደለም። ከአንዳንድ ማተሚያ ጋር አይግባባም፤ አንዳንድ ፕሮግራም አይሠራበትም፤ የመጀመሪያው ሳምንት ያበሳጫል። ለዘላለምም አይሸከምም፤ ቶርቫልድስ የጀመረበትን ያን 386 ፕሮሰሰር ሊኑክስ ራሱ በ2012 ትቶታል፤ ደቢያን የሚባለው የሊኑክስ ዓይነትም በ2025 ባለ 32 ቢት ኮምፒውተሮችን መጫኛ ማዘጋጀቱን አቁሟል። ልዩነቱ የት ላይ ነው? ውሳኔው በአደባባይ ተከራክረውበት የተወሰደ ነው፤ ኮዱም ሜዳ ላይ ነው። «እኔ እቀጥላለሁ» የሚል ሰው ቢነሣ የሚያስቆመው የለም። ባለርስቱ ሲያባርርህና ጎረቤቶችህ ተማክረው መንገድ ሲቀይሩ አንድ አይደለም።

ስለዚህ የምንጠይቀው ይህ ነው።

አንደኛ፣ በመጋዘን የተቆለሉት ኮምፒውተሮች ይቆጠሩ፤ የሚነሡት ከማይነሡት ይለዩ፤ የሚነሡት ሊኑክስ ተጭኖባቸው ወደ ላብ ይመለሱ። በእውነት የሞቱትም ለሌሎቹ መለዋወጫ ይሁኑ።

ሁለተኛ፣ የመመረቂያ ጽሑፍ ሁሉ በዩኒኮድና በክፍት የፋይል ዓይነት ጭምር ገቢ ይደረግ። ኦፕን ዶኪዩመንት የተባለው ከ2006 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ዓለም አቀፍ ደረጃ ነው፤ አዲስ ነገር አልጠየቅንም።

ሦስተኛ፣ በድሮ የአማርኛ ሶፍትዌሮች የተጻፉት ፋይሎች፣ የሚከፍቷቸው ኮምፒውተሮች ሳይጣሉ፣ ወደ ዩኒኮድ ይገልበጡ። ይህን ሥራ እኛ ያለ አበል እንሠራለን።

አራተኛው ጥያቄ ለራሳችን ነው። ነፃ ሶፍትዌር ተጠቃሚ ብቻ ሆኖ የሚኖርበት ቤት አይደለም። ትርጉም ይጎድላል፣ የአማርኛ ፊደል አራሚ ይጎድላል፣ መዝገበ ቃላት ይጎድላል። ይህ የኮድ ሥራ ብቻ ሳይሆን የቋንቋ ሥራ ነው፤ ተማርን የምንለውም ይህንኑ ነው። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባል የለ! ሊኑክስ የቆመው በዚህ ነው።

ለመሞከር የፈራ ካለ ምንም አይነካበትም፤ ሊኑክስ ሃርድ ዲስኩን ሳይነካ ከፍላሽ ላይ ተነሥቶ ይታያል፤ ካልወደዱት ነቅሎ መሄድ ነው። ፍላሹን እኛ ዘንድ ታገኙታላችሁ። የመጋዘኑን ቁልፍ የያዙት ወገኖች ደግሞ ኮምፒውተሮቹ የማይወጡበት በቂ ምክንያት ካላቸው ይጻፉልን። በሚቀጥለው እትም፣ አንድ ቃል ሳንቀንስ፣ በዚሁ ማባዣ እናወጣዋለን።