«ያለ ማንም እርዳታ» እያልን ስንዋሽ

በክረምቱ እረፍት ቢቸና በሄድኩ ጊዜ አንድ የሰፈሬ ልጅ ቤቱ ውስጥ ቤዝ ጊታር ሠርቶ አገኘሁት። ሥራው ሬዲዮ ጥገና ነው። በጣም ስለገረመኝ ስመለስ ለአሳይመንት ዜና አድርጌ ጻፍኩት። «ያለ ምንም ትምህርት፣ ያለ ማንም እርዳታ» የሚል መግቢያ ሰጠሁት፤ ጥሩ ማርክም አገኘሁበት። በስልክ ሳነብለት ግን ጓደኛዬ ትንሽ ዝም አለና «የሞጣው ጋሼስ?» አለኝ።

እውነቱ እንዲህ ነው። እቤት የነበሩት መሣሪያዎች መጋዝ፣ መሮና ሬዲዮ የሚበይድበት ብቻ ናቸው። የመጀመሪያውን አንገት ከእርጥብ ባሕር ዛፍ ሠራው። አራቱ ክሮች ሲወጠሩ በድምሩ ከ70 ኪሎ በላይ ስለሚስቡ አንገቱ ጎበጠ። ሞጣ ያሉ አንድ አናጢ ናቸው ደረቅ ዋንዛ መርጠው፣ በመላጊያ አስተካክለው፣ አንገቱ ውስጥ የብረት ዘንግ እንዲቀብር ያሳዩት።

«ያለ ትምህርት» ማለቴም ስህተት ነበር። ጣት የሚጫንባቸው የብረት መስመሮች (ፍሬቶች) በግምት አይተከሉም። የክሩ ርዝመት 864 ሚሊ ሜትር ከሆነ ለ17.817 ይካፈላል፤ የመጀመሪያው ፍሬት 48.5 ሚሊ ሜትር ላይ ይውላል። ቀሪው ርዝመት እንደገና እየተካፈለ ይቀጥላል፤ 12ኛው ልክ መሃል ላይ ያርፋል። ድምፁን የሚቀበለውን ክፍል ደግሞ ከአሮጌ እስፒከር ማግኔትና ከሬዲዮ ትራንስፎርመር በተፈታ ቀጭን ሽቦ ሠራው። ሽቦውን ሺህ ጊዜዎች ሲጠመጥም እንዳይሳሳት በየመቶው አንድ ሽምብራ ያስቀምጥ ነበር። የብረት ክር ማግኔት አጠገብ ሲንቀጠቀጥ ሽቦው ውስጥ ኤሌክትሪክ እንደሚፈጠር እኛም ፊዚክስ ክፍል ሸምድደናል እኮ!

እ.ኤ.አ. በ1951 «ፕሪሲዥን ቤዝ»ን ያወጣው አሜሪካዊው ሊዮ ፌንደርም ሬዲዮ ጠጋኝ ነበር፤ ጊታር መጫወት እንኳ አይችልም ነበር። ግን ብቻውን አልሠራም። አብሮት የሠራው የጆርጅ ፉለርተን ስም ዛሬም ይጠቀሳል። የእኛ አናጢዎችስ?

«ወጣቱ የፈጠራ ባለሙያ» የምንላቸው ዜናዎቻችን አብዛኛዎቹ እንደኔው ናቸው። የምናደንቅ እየመሰለን መጠየቅ እንተዋለን። ነገሩ ተአምር ነው ካልን ማንም ምንም ማድረግ አይጠበቅበትም። የጎደለው መላጊያና ደረቅ እንጨት ነበር ብለን ከጻፍን ግን፣ ወርክሾፕ ያለው የቴክኒክ ትምህርት ቤት ቅዳሜ ቅዳሜ በሩን ለምን አይከፍትም ብሎ መጠየቅ ይቻላል። ለአንድ ቀን ጭብጨባ ከመስጠት ይህ አይሻልም ትላላችሁ?

ዜናውን እንደገና ጽፌ ለመምህሬ አስረክቤአለሁ፤ ማርኩ ቢቀነስም ይቀነስ። አራተኛው ክር እስካሁን እንደሚንጫረር ሳይቀር ጽፌዋለሁ። የአናጢው ስም የቀረው ገና ስላላስፈቀድኳቸው ነው። በሚቀጥለው ጉዞዬ ሞጣ ወርጄ እጠይቃቸዋለሁ።