ድምፅ የሚጠይቅ ፓርቲ ሞልቷል፤ ሒሳብ የሚያቀርብ ግን የት አለ?

«ተዋቸው፣ ሁሉም ያው ናቸው!»

ልደታ ኮንዶሚኒየም ውስጥ የፓርቲ ወሬ ሲነሳ ጨዋታው ብዙ ጊዜ የሚዘጋው በዚህች አጭር ፍርድ ነው። ምድር ቤት ካሉት ሱቆች በር ላይም፣ ደረጃ ላይ ቆመው በሚያወሩ ጎረቤታሞች መካከልም፣ ከባቡር ጣቢያው አጠገብ ታክሲ በሚጠብቁ ሰዎች ሰልፍም ያው ነው። የምርጫ ሰሞን ሲደርስ፣ ሞንታርቦ የጫነው መኪና ሲዞርና የእጩዎች ፎቶ ግድግዳ ላይ ሲለጠፍ ደግሞ ፍርዱ ይመርራል፦ «እስከ ዛሬ የት ነበሩ?»

ብዙ የፓርቲ ሰዎች ይህን ሲሰሙ «ሕዝቡ ለፖለቲካ ግድ የለውም» ይላሉ። ይህ ስህተት ነው፤ ለእነሱም የሚመች ስህተት ነው። ግድ የሌለው ሰው አይበሳጭም። የአዲስ አበባ ነዋሪ የሚበሳጨው ደጋግሞ ሞክሮ ስላየው ነው።

ግንቦት 7 ቀን 1997 አዲስ አበባ 23ቱን የፓርላማ መቀመጫዎቿን በሙሉ፣ ከከተማው ምክር ቤት 138 መቀመጫዎች ደግሞ 137ቱን ለቅንጅት ሰጠች። ከዚያ በኋላ የሆነው ይታወቃል። ውዝግብ፣ ግድያ፣ እስር። የተመረጠው ምክር ቤት ሥራ ሳይጀምር ከተማዋ በባለአደራ አስተዳደር እጅ ገባች። ቅንጅትም ራሱ ተሰነጣጠቀ። ያን ቀን የተሰለፈው ሰው ገዢውንም ተቃዋሚውንም «ድምፄን ምን አደረጋችሁት?» ብሎ የሚጠይቅበት መድረክ ሳያገኝ ቀረ።

በ2002 ኢሕአዴግና አጋሮቹ ከ547ቱ የፓርላማ መቀመጫዎች ሁለት ሲቀሩ ሁሉንም ወሰዱ። በ2007 እነዚያ ሁለቱም አልቀሩም። በ2005 የተመረጠው የአዲስ አበባ ምክር ቤት የአምስት ዓመት ዘመኑ በ2010 ቢያበቃም፣ ምርጫው እየተገፋ እስከ 2013 ወንበሩ ላይ ቆየ። በመካከሉ የከተማዋ ቻርተር ተሻሽሎ የምክር ቤት አባል ያልሆነ፣ ማለትም ነዋሪው ያልመረጠው ሰው፣ በምክትል ከንቲባነት ከተማዋን እንዲመራ ተፈቀደ።

በ2013 የመራጮች ምዝገባ ሲጀመር በአዲስ አበባ የሚመዘገበው ሰው በጣም ጥቂት ነበር። ምዝገባው ተራዘመ። ሰኔ 14 ግን ሰው በሰልፍ ዋለ፤ ድምፅ መስጫው ሰዓት ተራዝሞ እስከ ምሽት ድረስ የቆመ ነበር። ለፖለቲካ ግድ የሌለው ሰው እንዲህ አይቆምም። ውጤቱ ሲነገር ብልጽግና ምርጫ ከተካሄደባቸው 436 የፓርላማ መቀመጫዎች 410ሩን፣ የአዲስ አበባ ምክር ቤትን ደግሞ ሙሉ በሙሉ ወሰደ። ከተሸነፉት ተቃዋሚዎች የኢዜማው ፕሮፌሰር ብርሃኑ ነጋ የትምህርት ሚኒስትር፣ የአብኑ ዶክተር በለጠ ሞላ የኢኖቬሽንና ቴክኖሎጂ ሚኒስትር ሆኑ። ሹመቱ በራሱ ነውር አይደለም። ነገር ግን እነሱን «ተቃዋሚ» ብሎ የመረጠ ሰው «አሁን የማን ናችሁ?» ብሎ ቢጠይቅ ጥፋቱ የእሱ አይደለም። «ሁሉም ያው ናቸው» የሚለው ፍርድ ያን ጊዜ አንድ ተጨማሪ ምስክር አገኘ።

አሁን ይኸው የተበሳጨ ነዋሪ በራሱ ግቢ የሚያደርገውን ማየት ነው።

ኮንዶሚኒየም የጋራ ኑሮ ነው። ፓምፕ ሲበላሽ ውሃ የሚጠፋው የገዢው ፓርቲ ደጋፊ ቤት ብቻ ወይም የተቃዋሚው ቤት ብቻ አይደለም። ለጥበቃና ለጽዳት በየወሩ ይዋጣል። ስለዚህ የብሎክ ተወካይ ይመረጣል፣ ኮሚቴ ይቋቋማል። ኮሚቴ የቅዱሳን ጉባኤ አይደለም። የሚያኮርፍ አለ፣ ደረሰኝ የሚያዘገይ አለ፣ ስብሰባ ሲጠራ በሩን የሚዘጋ ነዋሪም ሞልቷል። ቢሆንም ሁሉም የሚያውቀው ደንብ አለ። ገንዘብ የሰበሰበ ገቢና ወጪውን ያሳያል። ጥገናው ለምን እንደዘገየ ይጠየቃል። መልስ ያጣ ይወርዳል። ተወካዩ ማምለጫም የለውም፤ የሚወጣው የሚወርደው በዚያው ደረጃ ነው።

ፓርቲን ለመመዘን ከዚህ የተለየ ሚዛን አያስፈልግም።

በዚህ ሚዛን ገዢው ፓርቲ ሲመዘን ይቀላል። ብልጽግና እስከ ወረዳ የሚደርስ መዋቅር አለው፣ ስብሰባም ይጠራል። ግን ነዋሪን ሰብስቦ አቅጣጫ መስጠት ሌላ፣ ለነዋሪ ሒሳብ ማቅረብ ሌላ ነው። ሐምሌ 2014 የ25,491 ኮንዶሚኒየም ቤቶች ዕጣ በአደባባይ ወጥቶ፣ መረጃው ላይ ማጭበርበር ተገኝቷል ተብሎ ተሰረዘ። በ1997 ተመዝግበው ከ17 ዓመት በኋላም ዕጣ የሚጠብቁ ሰዎች ባሉበት ከተማ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ዕጣው በ2015 እንደገና ወጣ። ይሁንና ጉዳዩ የሚመለከተው ምክር ቤት አባላት ወደ መረጣቸው ሰፈር ወርደው «የሆነው ይህ ነው፣ እኛ የተቆጣጠርነው እንዲህ ነው» ሲሉ ያየ ስንት ነዋሪ አለ? ከዚያ በፊትስ፣ የምክር ቤት ተወካዩን ስም የሚያውቅ ስንት ነው?

ተቃዋሚዎችም ከሚዛኑ አያመልጡም። እውነት ለመናገር የሠሩበት ጊዜ አለ። ኢዜማ ነሐሴ 2012 በአዲስ አበባ የመሬት ወረራና የኮንዶሚኒየም ዕደላ ላይ ያካሄደውን ጥናት ይፋ አደረገ። ከወራት በኋላ የከተማው አስተዳደር ራሱ ባወጣው ጥናት ችግሩ መኖሩን አመነ። እናት ፓርቲም የጣሪያና ግድግዳ ግብር ጭማሪውን ፍርድ ቤት ወስዶ ተከራክሯል። የቤት ባለቤት የሆነ ሁሉ የሚገባው ሥራ ይህ ነው። ፓርቲ ማለት ይህ ነው።

ችግሩ ይህ የዘወትር ሥራ አለመሆኑ ነው። ዘወትር የሚታየው ማኅተም ያረፈበት መግለጫ ነው። በ2016 የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ሲወጣ ኮንዶሚኒየም ውስጥ አከራይና ተከራይ በአንድ ደረጃ እየተላለፉ ተፋጥጠው ነበር። አዋጁ ምን እንደሚል፣ ማን ምን መብት እንዳለው አስረድቶ ሁለቱን ወገን ለማነጋገር ከዚያ የተሻለ ጊዜ አልነበረም። የብሔር ጥያቄና የሕገ መንግሥት ማሻሻያ ትልቅ ጉዳይ መሆናቸውን የሚክድ የለም። ነገር ግን የቤት ኪራይ ያስጨነቀው ሰው ስለ አገር የሚነገረውን የሚያዳምጠው ስለ ኪራዩ የጠየቀውን ፓርቲ ነው።

ተቃዋሚዎች የሚያቀርቡት ምክንያት ሐሰት አይደለም። መሪ ይታሰራል፣ አዳራሽ ይከለከላል። የባልደራሱ እስክንድር ነጋ በ2013 እጩ የነበረው እስር ቤት ሆኖ ነው። ይህን እየረሱ ተቃዋሚውን ብቻ መውቀስ «አህያውን ፈርቶ ዳውላውን» ይሆናል። ቢሆንም ቡና ላይ ከአሥር ነዋሪ ጋር መነጋገር አዳራሽ አይጠይቅም። ባለፈው ምርጫ ድምፅ ለሰጠ ሰው «ተሸንፈናል፣ ድምፅህ ግን ይህን አድርጓል» ብሎ መመለስም በጀት አይጠይቅም።

በፓርቲ መማረር የአዲስ አበባ ብቻ በሽታ አይደለም። እንደ ኢትዮጵያ ሁሉ በየምርጫ ክልሉ ብዙ ድምፅ ያገኘ በሚያሸንፍባት ብሪታንያም በሰኔ 2016ቱ ምርጫ ሌበር ፓርቲ ከድምፁ ሲሶ ያህሉን አግኝቶ ከ650 መቀመጫዎች ከ400 በላይ ወሰደ። ከአሥር ተመዝጋቢ አራቱ ገደማ ድምፅ አልሰጡም። እዚያም «ሁሉም ያው ናቸው» ይባላል። ልዩነቱ እዚያ ያለ የፓርላማ አባል በመረጠው አካባቢ ቀን ቆርጦ ባለጉዳይ መቀበሉ የተለመደ መሆኑ ነው። የተማረረው ሰው ቢያንስ የሚያንኳኳው በር ያውቃል። ልደታ ያለው ነዋሪ የሚያንኳኳው የቱን በር ነው?

እዚህ ላይ ነዋሪውም የሚጠየቅ ነገር አለው። «ሁሉም ያው ናቸው» ብሎ ቤት መቀመጥ ፓርቲዎቹን የሚቀጣ ይመስላል እንጂ አይቀጣም። በአብላጫ ድምፅ በሚያሸንፉበት አገር የቀረ ሰው ድምፅ ማንንም አይጎዳም፤ ወንበሩ ግን ባዶ አይቀርም። ኮሚቴ ስብሰባ ላይ ያልተገኘ ሰው መዋጮው ሲጨመር እንደሚያጉረመርመው ነው የሚሆነው።

ቀጣዩ ምርጫ ሲመጣ ማንም ይምጣ ማን፣ ኮሚቴው የሚጠየቀውን መጠየቅ ይቻላል። ካለፈው ምርጫ ወዲህ ለዚህ ሰፈር ምን ሠራችሁ? የሠራችሁበትን አሳዩን። ብታሸንፉም ብትሸነፉም ቀጥሎ የምትመጡት መቼ ነው? ለዚህ መልስ የሌለው እጩ ስለ አገር የሚናገረው ምንም ያህል ቢጣፍጥ ለአንድ ብሎክ ተወካይነት እንኳ አይበቃም።

ሁለተኛዋ ወረቀትም አትረሳ። በ2013 የአዲስ አበባ መራጭ የተሰጠው ሁለት ወረቀት ነበር፣ አንዱ ለፓርላማ፣ አንዱ ለከተማው ምክር ቤት። ወሬው ሁሉ ስለ መጀመሪያው ነበር። ከንቲባውን የሚመርጠው፣ የከተማዋን በጀት የሚያጸድቀው፣ ውሃውና መንገዱ፣ ቤቱና ዕጣው የሚመለከተው ግን ሁለተኛው ነው። እዚያ ወረቀት ላይ ያሉትን ስሞች ከምርጫው ቀን በፊት ማወቅና ደረጃው ሥር አስቁሞ መጠየቅ የነዋሪው ድርሻ ነው።