አጥንት በፈለጠ ቁጥር

ሰሞኑን የዚህን ዓምድ ጸሐፊ አምበር ገበያ ላይ ያናደደው የጤፍ ዋጋ አይደለም፤ በአንዲት እናት መቀነት ጫፍ የተቋጠረ ክኒን ነው።

«ምን ሆነው ነው፣ እማማ?»

«አጥንቴን ይፈልጠኛል ልጄ። ካልሲየም አንሶሻል ተብዬ ነው። ደግሞ ውኃ ብጠጣ ብጠጣ አልረካ አለኝ።»

ደማቸው ተመርምሮ እንደሆነ ሲጠይቃቸው «የምን ደም?» ብለው ሳቁ።

የዓምዱ ደንበኞች ያውቁታል፤ ጸሐፊው ሳይለኩ «ካልሲየም አንሶሃል» ከሚሉ ሰዎች ጋር የቆየ ጠብ አለው። በካልሲየም ስንዴንም በቆሎንም የሚያስከነዳውን ጤፍ በኩንታል ሸጦ፣ ካልሲየም በፍሬ እየቆጠሩ መግዛት መቼም አይዋጥለትም። የባሰው ደግሞ ካልሲየም ደም ውስጥ ሲበዛም አጥንት መፍለጡ ነው። ውኃ ያስጠማል፣ ሽንት ያመላልሳል፣ ሆድ ያደርቃል፣ ኩላሊት ላይ ጠጠር ይሠራል፤ ሲጠና ሰውን ያፈዛል፣ ያዘባርቃል።

ወተትና እንጀራ ጤነኛን ሰው እዚህ አያደርሱትም። ከብዙዎቹ ሕሙማን ጀርባ ያለው ካንሰር ወይም ፓራታይሮይድ የሚባለው ዕጢ ነው። የደጋ ሰው እንቅርትን አሳምሮ ያውቃል፤ ከእንቅርት ዕጢ ጀርባ የተለጠፉትን፣ ምስር የሚያካክሉትን አራቱን ጎረቤቶቿን ግን ስም እንኳ አላወጣላቸውም። ከነሱ አንዷ አብጣ ሥራ ስታበዛ ካልሲየሙን ከአጥንት እየቦረቦረች ወደ ደም ታስገባዋለች።

አሜሪካዊው የመርከብ ካፒቴን ቻርልስ ማርቴል በዚሁ ሰበብ ቁመቱ ወደ 18 ሳንቲሜትር አጥሯል። ሐኪሞች አንገቱን ደጋግመው ከፈቱት፤ ባዶ። በ1932 እ.ኤ.አ. በሰባተኛው ቀዶ ሕክምና ዕጢዋ የተገኘችው ደረቱ ውስጥ ተሸጉጣ ነው። ካፒቴኑ ግን ብዙም ሳይቆይ አረፈ፤ ኩላሊቱ በጠጠር ተጎድቶ ነበር።

እማማ ከመቀነታቸው ሌላ ቋጠሮ ፈቱ። የግፊት ክኒን ነው፤ ሃይድሮክሎሮታያዛይድ። ይሄኛው ኩላሊት ካልሲየምን በሽንት እንዳያስወጣ የሚይዝ ስለሆነ፣ የካልሲየም ክኒን ሲደረብበት ሐኪም ማወቅ አለበት። ጸሐፊው የግፊቱን በራሳቸው እንዳያቋርጡ፣ ነገር ግን ሁለቱንም ይዘው ደብረ ማርቆስ ሄደው ደማቸውን እንዲያስለኩ ለመናቸው። በአንድ ዴሲሊትር ከ8.5 እስከ 10.5 ሚሊግራም ከሆነ ደህና ነው ብሎም አስረዳ።

እማማ ራሳቸውን እየነቀነቁ ሰሙት።

«እሱስ እሺ። እስከዚያው ይሄን በወተት ልዋጠው በውኃ?»