የረመዳን ድራማ እስከ ሸዋል ይቆየን

የረመዳን ወር ሲቃረብ ከፈረንሳይ ለጋሲዮን ጀምሮ በሾላና በመገናኛ አልፎ እስከ ኮተቤና ካራ ድረስ፣ ከእንጦጦ ግርጌ በተዘረጉት የየካ ክፍለ ከተማ ሰፈሮች፣ ከቴምሩና ከሳምቡሳው ወጪ ጋር አንድ ሌላ ወጪም ለቤተሰብ ውይይት ይቀርባል። የዲሹ ክፍያ ይታደስ ወይስ ይቅር? ልጆቹ የጠየቁት የኢንተርኔት ጥቅል ይገዛላቸው? ውጭ አገር ያለው ወንድም «በእኔ አካውንት ተመልከቱ» ያለውስ? የእኛ መልስ አጭር ነው። የሚከፈል ከሆነ ለአጭር ጊዜ ይከፈል፤ የሚያበቃበት ቀንም ከመከፈሉ በፊት ተቆጥሮ ይታወቅ።

ጉዳዩ የገንዘብ ብቻ አይደለም። በመግሪብና በዒሻእ መካከል ያለው ጊዜ በከተማችን ከአንድ ሰዓት ብዙም አይበልጥም። በዚያች ሰዓት ይፈጠራል፣ መግሪብ ይሰገዳል፣ ሾርባው ይቀርባል። ቀኑን ሙሉ እየጾመች ማዕድ ቤት የዋለች እናት ቁጭ ብላ ከልጆቿ ጋር የምታወራውም ያኔ ነው። አንድ የድራማ ክፍል ከነማስታወቂያው ይህን ሁሉ ይውጠዋል፤ ትንሽ ከረዘመ ደግሞ የተራዊሑን የመጀመሪያ ረከዓዎች ይዞ ይሄዳል።

የከፋው የሚመጣው ግን ወሩ ሲጋመስ ነው። በግብፅ፣ በሶሪያና በባሕረ ሰላጤው አገሮች ለረመዳን የሚሠሩት ተከታታይ ድራማዎች በልማድ 30 ክፍል ናቸው፤ ለአንድ ምሽት አንድ ክፍል። ታሪኩ እየከረረ ሄዶ ማን ማንን እንደከዳ የሚታወቀው ወደ መጨረሻው ነው። ይህም በቀጥታ የሚገጥመው ለይለቱል ቀድር ከምትፈለግባቸው አሥር ሌሊቶች ጋር ነው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በእነዚያ ሌሊቶች ቤተሰባቸውን ለዒባዳ ይቀሰቅሱ ነበር። ዛሬ በብዙ ቤት ቤተሰቡ አልተኛም፤ የነቃው ግን ለሌላ ነገር ነው።

በዚህ ወር በጣም የሚፈለገው ስርጭት ያለ ክፍያ የሚገኝ መሆኑም አይዘንጋ። ታኅሣሥ 2012 ዓ.ም. ኢትዮሳት ከተጀመረ ወዲህ በሰፈራችን ጣሪያዎች ላይ ሁለት ዲሽ ማየት የተለመደ ነው፤ አንዱ ወደ ምዕራብ ናይልሳትን፣ ሌላው ወደ ምሥራቅ ኢትዮሳትን ያያል። እንደ ነሲሓና ሚንበር ያሉት የአገራችን ጣቢያዎች ወርሃዊ ክፍያ አይጠይቁም። የሐረም ተራዊሕም በሳዑዲ የቁርኣን ጣቢያ በቀጥታ ይተላለፋል። የመካ ሰዓት ከእኛ ጋር አንድ ሲሆን፣ በረመዳን ዒሻእ እዚያ የሚሆነው ከመግሪብ ሁለት ሰዓት በኋላ ነው። ስለዚህ ከሰፈሩ መስጊድ ሰግዶ የተመለሰ ሰው የመካውን ሊደርስበት ይችላል። ይህን ለማየት ምንም ተጨማሪ ነገር መግዛት አያስፈልግም።

ከዚህ አልፎ መክፈል የፈለገ ቤተሰብ ቀን መቁጠር አለበት። ሦስት ሳምንታዊ የኢንተርኔት ጥቅል 21 ቀን ነው። ረመዳን ሊገባ አንድ ቀን ሲቀረው የመጀመሪያውን የገዛ፣ ሦስተኛው የሚያልቅበት በ20ኛው ጾም ኢፍጣር ገደማ ነው፤ ልክ የመጨረሻዎቹ አሥር ሌሊቶች ሲገቡ። እንደ ዲኤስቲቪ ያለ የወር ክፍያም ቢሆን ረመዳን ሊገባ አሥር ቀን ሲቀረው የተከፈለ ከሆነ እዚያው ያበቃል። ማያ ገጹ በራሱ ሲዘጋ አባት የሪሞት ጠባቂ፣ እናት የጭቅጭቅ ዳኛ መሆን አይጠበቅባቸውም። ለታዳጊ ልጅ «ዝጋው» ከማለት «አልቋል» ማለት እንደሚቀል ወላጅ ሁሉ ያውቀዋል።

«ታዲያ የድራማው መጨረሻ ያምልጠን?» ለሚሉን፣ አያመልጣችሁም። የኢንተርኔት ቴሌቪዥን ከድሮው የሚለየው በዚህ ነው። እንደ ኤምቢሲው ሻሂድ ያሉ አገልግሎቶች ክፍሎቹን አስቀምጠው ያቆያሉ። በሸዋል የአንድ ወር ብቻ ከፍሎ ሠላሳውንም ክፍል በተከታታይ ማየት ይቻላል። ስድስቱን የሸዋል ቀናት ለሚጾም ሰው እንኳ ምሽቱ ሰፊ ነው፤ ተራዊሕ የለበትም።

አቅራቢዎቹም የሚጠበቅባቸው አለ። በኬንያና በናይጄሪያ ስታርታይምስ የተባለው ድርጅት ደንበኛው በቀን፣ በሳምንት ወይም በወር እንዲከፍል ይፈቅዳል። የሞባይል ኢንተርኔትን በቀንና በሳምንት መግዛት ለለመደው የአዲስ አበባ ሕዝብ የሚከፈልበት ቴሌቪዥንም በዚያው መጠን ቢቀርብለት ምን ይከብዳል? ለዒድ ሦስት ቀን ብቻ ዲሹን ማስከፈት የሚፈልግ ቤተሰብ የሠላሳ ቀን ዋጋ የሚጠየቅበት ምክንያት አይታየንም። ቴሌብር በ2013 ዓ.ም. ከመጣ ወዲህ ትንሽ ገንዘብ ደጋግሞ መክፈል አስቸጋሪ አይደለምና «አይመችም» የሚለው መልስ አያሳምንም።

በዶላር ለሚከፈሉት ደግሞ ጥንቃቄው የበለጠ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ 58 ብር ያልሞላው ዶላር ብዙም ሳይቆይ ከ100 ብር አልፏል። እንደ ኔትፍሊክስ ያሉት አገልግሎቶች ውል ባያስገቡም ካልተሰረዙ በየወሩ ራሳቸውን ያድሳሉ። ኔትፍሊክስን የሰረዘ ሰው የከፈለበት ወር እስኪያልቅ ማየቱን አይከለከልም፤ ስለዚህ በከፈሉበት ዕለት ወዲያው መሰረዝ ይቻላል። ካርዱ ውጭ አገር ያለው ወንድም ከሆነ፣ ለዒድ እንኳን አደረሰህ ሲሉት መሰረዙንም አብረው አደራ ይበሉት።