ቅሬ የሚባል ምርጫ የለም

በአምባሰል ወረዳ ያለችውን ውጫሌን አብዛኞቻችን የምናውቃት በአንድ አንቀጽ ነው። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. የተፈረመው ውል አንቀጽ 17 በአማርኛው ቅጂ ምኒልክ ከሌሎች መንግሥታት ጋር ለሚኖራቸው ጉዳይ በኢጣሊያ በኩል መሄድ «ይችላሉ» ሲል፣ የጣሊያንኛው ቅጂ ግን ግዴታ አደረገው። ቀጥሎ የሆነውን ዓድዋ ላይ አይተነዋል።

ይህን ያነሳሁት ታሪክ ላስተምር ብዬ አይደለም፤ እሱን ትምህርት ቤት ጨርሰነዋል። እዚያው ውጫሌና ጎረቤቷ ሐይቅ ከተማ ላይ ዛሬም ሁለት ቅጂ ያለው ሰነድ ስላለ ነው። ስሙ ፕሮፖዛል ይባላል። በእንግሊዝኛው ቅጂ ሥራው «በማኅበረሰቡ የሚመራ» ነው። በአማርኛው ቅጂ፣ ማለትም ቀበሌ ስብሰባ ላይ በአፍ በሚነገረው፣ «ፕሮጀክት መጥቷል» ይባላል። መጥቷል! መሪ የሆነ ሰው እኮ የራሱን ሥራ «መጣልኝ» አይልም።

ጉዳዩ ለምን እንደሚያንገበግብ ለማየት ሐይቁን ማሰብ ይበቃል። ስፋቱ 23 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ከላዩ የሚወጣ ወንዝ የለውም። ከአርዲቦ በኩል ውኃ ይገባዋል፣ ከዙሪያው ዳገት አፈር ይገባዋል፣ ከማሳው ማዳበሪያ ይገባዋል። ውኃው ይተናል፣ ሌላው እዚያው ይቀራል። ላይ ያለው ገበሬ ወንዙን ለመስኖ ሲጠልፍ ታች ያለው ይጎድልበታል፤ ዳገቱ ሲራቆት ደለሉ የሚወርደው ዓሣ አስጋሪው ላይ ነው። ማን ተጠቀመ፣ ዕዳውን ማን ከፈለ? የአካባቢ ፍትሕ የሚባለው በቃ ይኸው ነው። ቃሉ የኮንፈረንስ ይመስላል እንጂ የውኃና የድንበር ጠብ የአገር ሽማግሌ ሲዳኘው የኖረ ነገር ነው።

ወሎ ላላደጋችሁ፦ ቅሬ ማለት እናንተ ዕድር የምትሉት ነው። ሰው ሲሞት ይቀብራል፣ ድንኳን ይተክላል፣ በብዙ ቦታ ሙስሊሙንና ክርስቲያኑን በአንድ መዝገብ ይይዛል። መዋጮ ይሰበስባል፣ የቀረውን ይቀጣል፣ ገንዘብ የነካ ዳኛ ካለ ያወርዳል። በኋላም ያ ሰው ቀብሩን ሲያስብ እንቅልፍ አይወስደውም። ከዚህ የበለጠ የኦዲት ሥርዓት ካያችሁ ንገሩኝ።

እኔ የምሠራው ሶፍትዌር ነው። ከሁለት ዓመት በፊት ለአንድ ገንዘብ ሰጪ ድርጅት (ስሙ ይቆይ) የማመልከቻ ድረ ገጽ ከሠሩት ልጆች አንዱ ነበርኩ። በተሰጠን ዝርዝር ላይ «የድርጅቱ ዓይነት» የሚል ሜኑ አለ፤ ሰባት ምርጫ። ዕድር የለም፣ ቅሬ የለም፣ «ሌላ» የሚል እንኳ የለም። የምዝገባ ምስክር ወረቀት፣ የሁለት ዓመት የኦዲት ሪፖርት፣ ሎግፍሬም በእንግሊዝኛ፣ ሁሉም ቀይ ኮከብ አለባቸው። አንዷን ባዶ ከተውክ «ቀጥል» የሚለው አይሠራም። አማርኛ ይጨመርበት ስንል «በሁለተኛው ምዕራፍ» ተባልን። ያ ምዕራፍ እስካሁን አልመጣም። ይህ ሁሉ ደግሞ ኢንተርኔት ካለ ነው። ከሐምሌ 2015 መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ዳታ ለወራት ተቋርጦ ነበር፤ ቀነ ገደብ ያለው ድረ ገጽ ያን ጊዜ ለውጫሌ ሰው ምኑ ነው?

የሚያስቀው፣ ሕጉ ራሱ ቅሬን ተመዝገብ አይለውም። የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 ዕድርንና ዕቁብን የመሰሉ ባህላዊ ማኅበራትን አይመለከትም። መንግሥት እንኳ «እናንተ ራሳችሁን ቻሉ» ብሎ የተወውን ተቋም፣ «ማኅበረሰብ ይምራ» የሚለው ሰጪ ወረቀት አምጣ ይለዋል። ወረቀት ስለሌለው መሐል ላይ አንድ ድርጅት ይገባል። ፕሮፖዛሉን ይጽፋል፣ መኪናውን ይገዛል፣ ሪፖርቱን ይልካል። ቅሬው አቴንዳንስ ላይ ይፈርማል፣ ፎቶ ይነሳል። እዚያ የተቀጠሩትን ልጆች አልወቅስም፤ ብዙዎቹ ጓደኞቻችን ናቸው፣ እነሱም ኮንትራታቸው መቼ እንደሚያልቅ እየቆጠሩ ነው የሚሠሩት።

በዓለም ደረጃም ያው ነው። በለንደን የሚገኘው ዓለም አቀፍ የአካባቢና የልማት ጥናት ተቋም እ.ኤ.አ. ከ2003 እስከ 2016 ያለውን ሲያሰላ፣ ከዓለም አቀፍ የአየር ንብረት ፈንዶች ለአካባቢ ደረጃ ሥራ የተመደበው ከ10 በመቶ በታች ሆኖ አገኘው። እ.ኤ.አ. በ2021 ደግሞ በአካባቢው ሰው ለሚመራ ሥራ ስምንት መርሖች ወጥተው ትልልቆቹ ፈረሙ። መፈረም ቀላል ነው። ሜኑው ላይ አንዲት መስመር መጨመር ነው ያቃተው።

ሰው ባልመራው ሥራ ምን እንደሚመጣ ወሎ አይታዋለች። በደርግ ጊዜ ገበሬው በዓለም ምግብ ፕሮግራም ስንዴና ዘይት እየተከፈለው ተራራውን በእርከን ሸነሸነው፤ ገደሉ ተከለለ፣ ዛፍ ተተከለ። ሥራው በራሱ መጥፎ አልነበረም። ግን ዛፉ የማን እንደሆነ ማንም አልነገረውም። በ1983 መንግሥት ሲወድቅ በብዙ ቦታ እርከኑን የናደው፣ ክልሉን የጨፈጨፈው ያው የሠራው ሕዝብ ነው። የራስወርቅ አድማሴ በዚህ ጉዳይ የጻፉት መጽሐፍ ርዕስ ወደ አማርኛ ቢመለስ «ሃያ ዓመት ወደ የትም» የሚል ይሆናል። በአንጻሩ ከ13ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ያለውን የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳምን ዛፎች እዩ። ማን ሎግፍሬም ጻፈላቸው?

ሌላም የማይነሳ ነገር አለ። ገንዘቡ ሲመጣ እንኳ ለፍትሕ አይመጣም፤ ለችግኝ ነው። አዋጅ 621/2001 ከ10 በመቶ በላይ ገቢውን ከውጭ የሚያገኝ ድርጅት በመብት ጉዳይ እንዳይሠራ ለአሥር ዓመት ከለከለ። ድርጅቶቹም «መብት» የሚለውን አውጥተው «ችግኝ» መጻፍ ለመዱ። አዋጁ ከተሻረ ቆየ፣ ልማዱ ግን አለ። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 44 ንጹሕና ጤናማ አካባቢ መብት ነው ይላል። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ደግሞ ማንም ሰው ጥቅሜ ተነካ ብሎ ማስረዳት ሳይኖርበት በካይን እንዲከስ ይፈቅዳል። እንበልና የሐይቅ ዳር ቅሬ ውኃውን ማስመርመር፣ ጠበቃ ማማከር፣ ሦስት ሰው ደሴ ልኮ ቀጠሮ ማስከታተል፣ ለጠባቂ ወር በወር መክፈል ቢፈልግ? ይህን የሚሸፍን የበጀት መስመር የለም። የጠባቂ ደሞዝ «ተደጋጋሚ ወጪ» ነው፣ አይፈቀድም። አሥር ሺህ ችግኝ ግን ይፈቀዳል፤ ይቆጠራላ!

«ለቅሬ ገንዘብ ብንሰጥ ይበላል» የሚለው ክርክር ይመጣል። ሊበላ ይችላል። ፎቁ ላይ ያለው አይበላም? ልዩነቱ የቅሬው ሌባ በስም ይታወቃል። የበለጠ የሚያሳስበኝ ሌላ ነው፤ በብዙ ቅሬ ዳኛውም ጸሐፊውም ወንድ ነው፣ ውኃ የምትቀዳው ሴት ስትናገር አትሰማም። ይህ ከባድ ጉድለት ነው። ሰጪው ቅድመ ሁኔታ ማስቀመጥ ካማረው እዚህ ላይ ያስቀምጥ፤ ገንዘቡ ሴቶች በተገኙበትና ድምፅ በሰጡበት ጉባኤ ብቻ ይውጣ ይበል። በእንግሊዝኛ ሰዋስው ላይ ሳይሆን።

የሚቻል መሆኑም የታወቀ ነው። በተባበሩት መንግሥታት የልማት ፕሮግራም በኩል እ.ኤ.አ. ከ1992 ጀምሮ የሚሠራው የአነስተኛ ድጋፎች ፕሮግራም በአንዳንድ አገሮች በቪዲዮ የቀረበ ፕሮፖዛል ተቀብሎ ያውቃል። ቪዲዮ ከተቻለ የአማርኛ ቃለ ጉባኤ የማይቻልበት ምክንያት ምንድን ነው? ደግሞ ገንዘቡ ትንሽ ይሁን፣ ግን ይቆይ። እንደ ሠርግ አንድ ቀን የሚፈስ 50,000 ዶላር ቅሬን ያጣላል። በዓመት ጥቂት መቶ ሺህ ብር፣ ለአሥር ዓመት፣ ቅሬው ራሱ ከሚያዋጣው ጋር እየተደረበ ቢመጣ ጠባቂውም ይቆማል፣ ክሱም ይከታተላል። የውጭው ድንገት ቢቋረጥ የራሱ መዋጮ ይቀራል። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2022 ለራሷ ድሃ ሰፈሮች የአካባቢ ፍትሕ 3 ቢሊዮን ዶላር መድባ በ2025 ብዙዎቹን ውሎች ሰርዛለች፤ ፎርሙን አሳምረው የሞሉት ሰዎች ናቸው የቀሩት።

ቴክኒኩን በተመለከተ ለሰጪዎቹ አንድ ነገር ልበል፦ ሥራው ቀላል ነው። የቅሬው ጸሐፊ መዝገቡን በስልኩ ፎቶ ያነሳል፣ በቴሌግራም ይልካል፤ ኔትወርክ ከሌለ ለደሴ ሚኒባስ ሾፌር ወረቀቱን ይሰጣል። በዚያኛው በኩል አማርኛ የሚያነብ አንድ ሰው መቅጠር ነው። ኮዱን እኔና ሁለት ጓደኞቼ በሁለት ሳምንት እንጨርሰዋለን፤ ሜኑው ላይ ስምንተኛዋን መስመር ለመጨመር ደግሞ አምስት ደቂቃ ይበቃል።