ከሰማይ የመጣ ክስ

«ሲስተር፣ ደን መንጥረሃል ተባልኩ። ከሳተላይት የተነሣ ፎቶ አለን ይሉኛል» ብሎ ከኮኪት የደወለልኝ፣ ልጆቹን የከተብኩለት ገበሬ ነው። ፎቶዎቹን በልጁ ስልክ ላከልኝ፤ አንዱ የቆየ፣ አንዱ የቅርብ፣ ሦስተኛው የሁለቱን ልዩነት በቀለም የሚያሳይ። በሰሊጥ ማሳው ምሥራቃዊ ዳር፣ ከዕጣን ዛፎቹ ጋር በሚዋሰንበት በኩል፣ ቀጭን ቀይ ሰንበር አለ፤ «የተመነጠረ» ማለት ነው።

ሰንበሩን ትኩር ብዬ ሳየው ከላይ እስከ ታች ስፋቱ አንድ ነው። መጥረቢያ እንዲህ አስተካክሎ አይቆርጥም! በምዕራቡ ዳር ደግሞ በዚያው ስፋት አረንጓዴ ሰንበር ተሠምሯል፣ «አዲስ የበቀለ ደን» ተብሎ። ማን ተከለው? የዕጣን ዛፍ እንደሆነ በሁለት ሦስት ዓመት ደን አይሆንም። ማሳው አልሰፋም፤ ወደ ምሥራቅ የተንሸራተተው ሁለተኛው ፎቶ ነው።

ጡረታ ከመውጣቴ በፊት ይህን የሚመስል ነገር በእኛም ደርሶ ነበር። ለወባ ርጭት የቤቶችን ቦታ በጂፒኤስ መዝግበን በወረቀት ካርታ ላይ ስናሰፍር፣ ቤቶቹ ከወንዙ ማዶ ሄደው ቁጭ አሉ። የአገራችን የቆዩ ካርታዎች የተሠሩት በግብፅና በሱዳን ድንበር አቅራቢያ ከነበረው ከአዲንዳን በሚነሣ ልኬት ሲሆን፣ ጂፒኤሱ የሚቆጥረው ግን በሌላ፣ ለመላው ዓለም በወጣ ልኬት ነው። ቁጥሩ ሳይቀየር ከሰፈረ ወደ ሰሜን 200 ሜትር፣ ወደ ምሥራቅ 90 ሜትር ያህል ይስታል። ጥፋቱ የእኛው ነበር፤ ረጪዎቹ ግን በዚያ ሙቀት መድኃኒት ተሸክመው ግማሽ ቀን ተንከራተቱ።

የሳተላይት ፎቶ ሌላም ጣጣ አለበት። ላንድሳት የሚባለው ሳተላይት የሚዞረው 705 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ነው። ከዚያ ርቀት የአንድ ዲግሪ መቶኛ ያህል ብቻ ቢያዘነብል መሬት ላይ ከ120 ሜትር በላይ ይስታል። ተራራና ሸለቆም ምስሉን ወዲያና ወዲህ ይገፉታል። ስለዚህ ኮምፒውተር አዲሱን ምስል፣ ቦታው በትክክል ከታወቀ ሌላ ምስል ጋር ያስተያያል፤ የመንገድ መገናኛ፣ የወንዝ መታጠፊያ፣ የማይንቀሳቀስ ነገር ይፈልግና ምን ያህል እንደተዛነፈ አስልቶ ወደ ቦታው ይመልሰዋል። ደረቱን ራጅ የተነሣ ሰው ይህ ይገባዋል፤ ትንሽ ዞሮ ከተነሣ ልቡ ያለቦታው ይታያል፣ ከአምናው ራጅ ጋር ማወዳደርም ያሳስታል።

ቆላችን ደግሞ ለዚህ ሥራ አይመችም። ሐምሌ ላይ ደመና፣ ደመናው ሲገለጥ ሁሉም አረንጓዴ፣ በበጋ ሣሩ ተቃጥሎ ጥቁር። የመስከረሙን ፎቶ ከየካቲቱ ጋር አመሳስል ሲባል፣ ኮምፒውተሩ የሚይዘው ምልክት ያጣል። የላንድሳት አንዷ ነጥብ 30 ሜትር በ30 ሜትር ናት። ምስሉ በአንድ ነጥብ ብቻ ቢንሸራተት፣ 300 ሜትር በሚረዝም የማሳ ዳር ላይ ወደ አንድ ሄክታር የሚጠጋ ምንጣሮ ይፈጠራል። ለአንድ ገበሬ ቀላል ክስ አይደለም።

ልጁን ጠርቼ ወደ መተማ ዮሐንስ የሚወስደውን አስፋልት መታጠፊያ በሁለቱም ፎቶ ላይ እንዲፈልግ ነገርኩት። አገኘው፤ በሁለተኛው ላይ አንድ ነጥብ ያህል ወደ ምሥራቅ ሄዷል። አባትየው ፎቶዎቹን አሳትሞ ወደ ከሰሰው ጽሕፈት ቤት ወስዷል፤ ሜትር ይዘው ማሳው ድረስ እንዲመጡም ጠይቋል። ይህን እስከጻፍኩበት ቀን ድረስ አልመጡለትም።