ቆሼ አጠገብ ለሚኖር ልጅ ሽሮፕ ብቻ አይበቃም

ዛሬ ምክር ብቻ ሳይሆን ቅሬታም አለኝ፤ አንዱ ቅሬታ በራሴ ላይ ነው።

አንዲት እናት የ3 ዓመት ልጇን ለሦስተኛ ጊዜ ይዛ መጣች። ሳል አለው፣ ደረቱ ሲር ሲር ይላል። መድኃኒት ጻፍኩና "ከጭስ አርቂው" አልኳት። "ዶክተር፣ ቤታችን እኮ ቆሼ አጠገብ ነው፤ ወዴት ልውሰደው?" አለችኝ። ሁለት ጊዜ ሳክመው የት እንደሚኖሩ አልጠየቅኩም ነበር።

መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ቆሼ ተንዶ ከ110 በላይ ሰው ሲሞት ሁላችንም አዝነናል። የየዕለቱ ጉዳት ግን ዜና አይሆንም። የሚበሰብስ ቆሻሻ ሚቴን ጋዝ ያመነጫል፤ ይህ ጋዝ በቀላሉ ይቀጣጠላል። ፕላስቲክ ሲቃጠል የሚወጣው ደቃቅ ብናኝ ሳንባ ውስጥ ጠልቆ ይገባል፣ አስምን ያባብሳል። ፍሳሹ ወደ ጉድጓድ ውሃ ሊሰርግ ይችላል፤ ዝንቡ ተቅማጥ ያመጣል።

"ለምን ሰፈሩን አይለቁም?" የምትሉ አላችሁ። አቅም ቢኖራቸው ማን ይቀመጣል? ለአሥርተ ዓመታት የተሸከሙት የእኛን ቆሻሻ ነው! ስለዚህ ቆሻሻው አፈር ይልበስ፣ ጋዙና ፍሳሹ ይያዝ ብሎ መጠየቅ የሁላችንም ሥራ ነው።

እስከዚያው፦
👉 ጭስ ሲበዛ በዚያ በኩል ያለውን መስኮት ዝጉ፤ ግቢ ውስጥ ቆሻሻ አታቃጥሉ።
👉 ስትታከሙ የት እንደምትኖሩ ሳትጠየቁም ተናገሩ።
👉 ልጅ ቶሎ ቶሎ ከተነፈሰ ወይም ሲተነፍስ ደረቱ ወደ ውስጥ ከገባ፣ ሳታድሩ ጤና ጣቢያ ውሰዱት።

ለሚጠቅመው ሰው ሼር አድርጉለት።